ፕሮዲውሰሩ ድርሰቴን ሊገዛኝ ነው፤ ስሜ ግን እንዲወጣ አይፈልግም። ልፈርም?

ጠያቂ፦ የልደታዋ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። በፊልም ሥራ ውስጥ ያላችሁ፣ በተለይም የፊልም ድርሰት ሸጣችሁ የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩኝ እጠይቃለሁ። ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር።

የምሠራው ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለ የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት ነው። ክስ፣ የመከላከያ መልስ፣ ይግባኝ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ማመልከቻ እተይባለሁ። ጠበቃ ያለው ሰው ረቂቁን ይዞ ይመጣል። ጠበቃ የሌለው ደግሞ አጠገባችን ተቀምጦ በደሉን በቃሉ ይናገራል፤ ራፖር ጸሐፊው ባልደረባዬ መልክ ያስይዝለታል፤ እኔ እጽፋለሁ። ባልና ሚስት በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው መጥተው አንዳቸው በሌላው ላይ ሲያጽፉ አይቻለሁ። ስለ ሰው አነጋገር የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት እዚያ ነው። የተበደለ ሰው በፊልሞቻችን እንደምናየው አይጮኽም። ዕለቱን ይጠቅሳል፣ የብሩን መጠን ይጠቅሳል፣ ማን በር ላይ ቆሞ እንደነበረ ይጠቅሳል። «የሚካኤል ዕለት ነበር፤ ቡና ተፈልቶ ነበር» ብሎ ይጀምራል። በደሉ የሚመጣው ከቡናው በኋላ ነው።

የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ከታላቅ እኅቴ ጋር ነው። ለመጻፍ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሣለሁ። ውኃ የሚመጣበት ሌሊት ከሆነ ጀሪካኖቹ እስኪሞሉ ድረስ ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ እኅቴ እንዳትነቃ ቧንቧው ላይ ጨርቅ እጠመጥማለሁ። የላፕቶፑ ባትሪ ስለማይሠራ መብራት ሲጠፋ ወደ ደብተር እዞራለሁ። ጠዋት ባቡሩ የሚነሣው ከአያት ስለሆነ ወንበር አገኛለሁ፤ መገናኛ ደርሶ ሰው እስኪሞላ ድረስ ሌሊት የጻፍኩትን አነባለሁ፣ እሰርዛለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ አሠሪዬ ስለምትፈቅድልኝ በደብተር ያለውን ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። ይህች ሴትዮ እግዚአብሔር ይስጣት፤ ወረቀትና ቀለም እንኳ አስከፍላኝ አታውቅም።

ከሥራ ስወጣ ለገሃር ወርጄ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባሉት ካፌዎች እቀመጣለሁ። የፊልም ሰዎች እዚያ ይመጣሉ። አንድ ማኪያቶ ይዞ ሁለት ሰዓት መቀመጥ አስተናጋጁንም እኔንም ስለሚያስጨንቅ ብዙ ጊዜ ቀድሜ ወመዘክር እገባና ጋዜጣ ሳነብ እቆያለሁ። «ደውይልኝ» የሚባለውን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ሰምቻለሁ። ስደውል አንዳንዱ ያነሣል፤ «ቀረጻ ላይ ነኝ» ይላል። ባለፈው ዓመት በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ኮንቲኒዩቲ ሆኜ ሠርቻለሁ። ተዋናይዋ በየትኛው እጇ ብርጭቆ እንደያዘች፣ ነጠላዋ በየትኛው ትከሻዋ ላይ እንደነበረ እየመዘገብኩ ከመብራት ሠራተኞቹ ጋር አመሽ ነበር። ክፍያው ትንሽ ነበር፤ የተማርኩት ግን ብዙ ነው። ወረቀት ላይ የሚያምር ንግግር ተዋናይ አፍ ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚሰበር ያየሁት እዚያ ነው።

አሁን ወደ ድርሰቱ። እናትየዋ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግባለች፤ በ2005 በድጋሚ ተመዝግባ በንግድ ባንክ ትቆጥባለች። የምትቆጥበው ብር የሚመጣው ቤይሩት በሰው ቤት ከምትሠራው ትልቋ ልጇ ነው። ታናሹ ወንድ ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ እናቱን ያስታምማል፤ ሆስፒታል ይዟት ይመላለሳል፤ ልብሷን ያጥባል። ዕጣው ወጥቶ እናትየዋ ውል ከፈረመች በኋላ ቁልፉን ሳትረከብ ታርፋለች። ልጅቱ ትመለሳለች። ቤቱ የማን ነው? በብሯ የገዛችው የእሷ ነው? ወይስ ዕድሜውን የሰጠው የእሱ? ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ደግሞ እናታቸውን ይወዳሉ። ርዕሱን ለጊዜው ልያዘው።

አንድ ፕሮዲውሰር ሙሉውን አንብቦ ጠራኝ። ወደደው፤ ስለ አንዳንዱ ትዕይንት ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አላስመሰለም። ከዚያ ሁኔታዎቹን ነገረኝ። በፖስተሩ ላይ «ድርሰትና ዝግጅት» ተብሎ የሚወጣው የዳይሬክተሩ ስም ብቻ ነው፤ የእኔ ስም ፊልሙ ሲያልቅ ከ«ልዩ ምስጋና» መካከል ይገባል። የቤይሩቷ እኅት ሀብታም ሆና ትመለስና ከጠበቃዋ ጋር ፍቅር ትጀምራለች። የፍርድ ቤቱ ትዕይንት «ሞቅ ይበል»፤ ዳኛው መዶሻ ይምታ፣ ጠበቆቹ እየተነሡ «ተቃውሞ አለኝ!» ይበሉ። የሚከፍለኝ ከግማሽ ዓመት ደመወዜ ይበልጣል፤ ግማሹ ስፈርም፣ ግማሹ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ።

እኅቴ ፈርሚ ትለኛለች። የቤት ኪራዩ ጨምሯል፤ የእኔን ድርሻ የሸፈነችባቸው ወራት አሉ፤ ስለዚህ ቃሏን አቃልዬ ማለፍ አልችልም። እኔ ግን እጄ እንቢ አለኝ። መልስ የምሰጠው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?


መልስ፦ የሬዲዮ ዘመን ሰው

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜዬን በሙሉ በሬዲዮ ድራማና በመድረክ ተውኔት፣ ኋላም በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ድርሰት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደ ልጄ ቆጥሬ ልንገርሽ።

ስምሽን አትስጪ። ይህን የምለው ለክብር ብዬ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ሙያ ስም እንጀራ ነው። ነገ ሌላ ፕሮዲውሰር ዘንድ ስትሄጂ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ሠርተሻል?» የሚል ነው። ሲኒማ ቤት የገባውን ፊልም «የእኔ ነው» ብትዪ ፖስተሩ ይክድሻል። በተከታታይ ድራማ ክፍያው በክፍል ነው፤ ደራሲው የሚደራደረው ከዚህ በፊት ስሙ የወጣበትን ሥራ እያስቆጠረ ነው። የጉማ ሽልማትም ሲሰጥ ለፊልም ጽሑፍ የሚጠራው በሥራው ላይ የሰፈረ ስም ነው። ዛሬ የምትቀበዪው ብር ኪራይ ከፍሎ ያልቃል፤ ስሙ ግን ሌላ ሥራ ይጠራልሽ ነበር።

ይህ «ድርሰትና ዝግጅት» የሚባለው ልማድ ከየት እንደመጣ ማወቅሽ ለድርድር ይረዳሻል። ዲጂታል ካሜራ መጥቶ የአማርኛ ፊልም በብዛት መሠራት ሲጀምር አንድ ሰው ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያዘጋጃል፣ ብዙ ጊዜም ቤቱን አስይዞ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ራሱ ገንዘቡን ያወጣል። ያን ጊዜ ስሙ በሦስት ቦታ መውጣቱ እውነት ነበር፤ ላቡ ነውና። ኋላ ግን ያልጻፈውም ሰው በዚያው ቅጽ መጠቀም ያዘ። ፕሮዲውሰርሽ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ሲሠራበት ያየውን ነው የደገመው። ስለዚህ ሳትጣዪ ንገሪው፤ «ዝግጅት የእርሳቸው፣ ድርሰት የእኔ» በዪው። ለፖስተሩ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጨምርበት።

ስለ መዶሻው። እባክሽ በዚህ ነገር እንዳትበገሪ። መዶሻውም «ተቃውሞ አለኝ»ም ከአሜሪካ ፊልም የመጡ ናቸው። የእኛ ችሎት ጠባብ ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ ጠያቂው ራሱ ዳኛው ነው፤ ባለጉዳዩ ቆሞ ይመልሳል፤ ከዚያ «ተለዋጭ ቀጠሮ» ይባላል። ሰው ዓመት ሙሉ የታገሠለት ቀን በሁለት ደቂቃ አልቆ በሌላ ቀን ይተካል። ከዚህ የበለጠ ምን ውጥረት አለ? አንቺ ይህን በየቀኑ የምታዪ ሰው ነሽ። ተመልካቹም ያውቀዋል፤ ፍርድ ቤት ያልረገጠ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እውነቱን ስታሳዪው አዳራሹ ጸጥ ይላል።

ሌላም ልጨምር። በ2008 ካና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ብዙዎቻችን ያበቃልን መስሎን ነበር። ተመልካቹ ግን በየቀኑ ተከታታይ ድራማ የማየት ልማድ አወጣ፤ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም ይህን ልማድ ለመመገብ የራሳችንን ታሪክ መፈለግ ያዙ። በ2013 አቦል ቴሌቪዥን ሲጀምር ደግሞ ለአማርኛ ተከታታይ ድራማ ሌላ በር ተከፈተ። ለጀማሪ ደራሲ ዛሬ ሰፊው መንገድ እዚያ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ድራማ ብዙ ክፍል ይፈልጋል፣ አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም፣ ረዳት ጸሐፊ ያስፈልጋል።

እናም የሚገርመኝ ነገር ቢኖር፣ ትልቁን ሀብትሽን ለመግቢያ ብቻ ተጠቅመሽበት ማለፍሽ ነው። ፍርድ ቤት አጠገብ ያለች አንዲት የጽሕፈት ክፍል፣ አንድ ራፖር ጸሐፊ፣ አንዲት ተያቢ፣ በየሳምንቱ በር ከፍቶ የሚገባ አንድ ባለጉዳይ። ይህ ራሱ ተከታታይ ድራማ ነው። ቦታው አንድ፣ ተዋናዩ ጥቂት፣ ታሪኩ የማያልቅ። የመጀመሪያውን ክፍል ጻፊና አስቀምጪው። የባለጉዳዮችሽን ምስጢር ግን ጠብቂ፤ ሰፈሩን፣ ሙያውን፣ ዕድሜውን ለውጪ፤ ማንም ሰው ቴሌቪዥን ከፍቶ ራሱን እንዳያገኝ።


መልስ፦ ጠበቃው ከቄራ

ጋሼ ስለ ሙያው የተናገሩት እንዳለ ሆኖ እኔ ሕጉን ላስረዳ።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ለእርስዎ የሚጠቅሙት ነጥቦች እነዚህ ናቸው። ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም። «በኮንዶሚኒየም ቤት የሚካሰሱ ወንድምና እኅት» የሚለው ሐሳብ የማንም አይደለም፤ ሌላ ሰው የራሱን ሊጽፍበት ይችላል። እርስዎ የጻፏቸው ትዕይንቶችና ንግግሮች ግን ወጥ ሥራ ሆነው በወረቀት ወይም በኮምፒውተር ከሰፈሩበት ጊዜ ጀምሮ የእርስዎ ናቸው። ለጥበቃው ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ሆኖም በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ቢያስመዘግቡት ክርክር ሲነሣ ቀኑንና ይዘቱን የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ይሆንልዎታል። ከሐሙስ በፊት ያድርጉት።

ደራሲ መባል የሞራል መብት ነው። የገንዘብ መብቱን ለሌላ ቢያስተላልፉ እንኳ «ደራሲዋ እኔ ነኝ» የማለት መብትዎ ከእርስዎ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው በዚያች መስመር የሚጠይቅዎት ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ አደጋ ደግሞ አለ፤ ብዙ ጀማሪዎች ያልፉታል። በአዋጁ መሠረት በሌላ ሰው ትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የገንዘብ መብቱ ባለቤት ያዘዘው ሰው ነው። እርስዎ ድርሰቱን የጻፉት ማንም ሳያዝዎት ነው። ውሉ ላይ «ፕሮዲውሰሩ ባዘዘው መሠረት የተጻፈ» የሚል ሐረግ ካዩ ይሰረዝ ይበሉ። ቀሪው ግማሽ ክፍያ «ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ» የሚለውም አይሆንም፤ ካልገባስ? ወይ ቁርጥ ያለ ቀን ይኑረው፣ ወይ ቀረጻ በሚጀመርበት ዕለት ይከፈል። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተቀረጸ መብቱ ወደ እርስዎ እንደሚመለስ ይጻፍ። የሚሸጡት የፊልሙን መብት ብቻ መሆኑም ይጻፍ፤ ተከታታይ ድራማ፣ መጽሐፍና መድረክ የእርስዎ ሆነው ይቆዩ።

እንደ አንባቢ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ታሪኩ ስለያዘኝ ነው። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። እኅትየዋ ገንዘብ መላኳ የውርስ ድርሻዋን አያሳድገውም። የላከችው ብር ለእናቷ ብድር ነበር ብላ ልትከራከር ትችላለች። ነገር ግን በዚያው ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። እናትና ልጅ ደግሞ ወረቀት አይጻጻፉም። የድርሰትዎ ክርክር በዚህ መንገድ ይሄዳል?


ጠያቂ፦ የልደታዋ ጸሐፊ

ሁለታችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ጠበቃው፣ መልስዎን ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ በደስታ ነው።

ድርሰቴ ውስጥ ፍርዱ የሚሰጠው በባንክ ደረሰኝ ነበር። እርስዎ ያሉት ግን ሌላ በር ከፈተልኝ። ወንድምየው አንድ ነገር ያውቃል። እናታቸው ስልክ ላይ ለልጇ «ቤቱ የአንቺ ነው፤ እኔ አደራ ጠባቂ ነኝ» ስትላት አጠገብዋ ተቀምጦ እግሯን እያሸ ነበር። ከእሱ በቀር የሰማ የለም። ወረቀት የለም። ዳኛው ቢጠይቁት «አልሰማሁም» ካለ እኩል ይካፈላል። «ሰምቻለሁ» ካለ ያስታመመባቸው ዓመታት በአንድ ቃል ይሄዱበታል። ጉዳዩ በሙሉ በእሱ አፍ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ እንኳ አያስፈልጋቸውም። «ይህን ቃል ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?» ብለው ብቻ ይጠይቁታል።

ጋሼ፣ ስለ ጽሕፈት ክፍሉ ያሉኝንም ይዤዋለሁ። ባልደረባዬ ራፖር ጸሐፊው ዛሬ ጠዋት ስነግረው «የእኔን መነጽር ግን እንዳትረሺ» አለኝ። መነጽሩ በአንድ በኩል በክር የታሰረ ነው።

የቀረኝ ጥያቄ የቤይሩቷ እኅት ናት። ስለ ሕይወቷ የማውቀው ከጎረቤት የሰማሁትን ነው። እዚያ የነበራችሁ ካላችሁ እርዱኝ።


መልስ፦ ከቤይሩት የተመለሰች

እኅቴ፣ እኔ ስለ ፊልም ምንም አላውቅም፤ ፊልም ማየት ግን እወዳለሁ። ብዙ ዓመት ቤይሩት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ይህን የምጽፍልሽ ያ ሰው ልጅቱን ሀብታም አድርጊያት ስላለሽ ነው። እባክሽ አታድርጊ። በየፊልሙ ከዓረብ አገር የምትመለስ ሴት ወይ በወርቅ ተሸፍና ትመጣለች፣ ወይ አእምሮዋ ተነክቶ ትመጣለች። እኛ ግን እንደ ሄድን ሆነን፣ ደክሞን ብቻ ነው የምንመለሰው።

ልንገርሽና ከጠቀመሽ ውሰጂው። ፓስፖርቴ ማዳሜ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ሥራ ልቀይር ብል ያለ እሷ ፈቃድ አልችልም፤ ሕጋቸው ከአሠሪ ጋር ያስረናል። ደመወዜን እንደ ተቀበልኩ ለራሴ የስልክ ካርድ አስቀርቼ ሌላውን እልካለሁ። ከቤተሰቤ ጋር የማወራው በኢሞ ነው፤ ማታ ሁሉም ሲተኛ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እዚህ ያሉት «ለምን ታንሾካሹኪያለሽ?» ይሉኛል። ቤት ውስጥ ሰርግ ሲኖር ፎቶ ይልኩልኛል፤ በእኔ ብር የተገዛውን ሶፋ ያየሁት በስልክ ነው። ተቀምጬበት አላውቅም ነበር።

ከዚያ የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ። ማዳም በዶላር መክፈል አቆመች፤ ከዚያ ጭራሽ መክፈል አቆመች። በ2012 ሴቶቹን ከነሻንጣቸው አምጥተው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ አይተሽ ይሆናል፤ ዓለም ሁሉ አይቶታል። በእነዚያ ሴቶች መካከል የማውቃቸው ነበሩ። በዚያው ክረምት ወደቡ ላይ ያ ፍንዳታ ሆነ። የአንቺ ልጅ በዚያ ጊዜ ብር መላክ ካቆመች ወንድምየው «እናታችን ስትታመም ረሳችን» ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። እሷ ግን አልነገረቻቸውም፤ ምክንያቱም እኛ አንናገርም። «ደኅና ነኝ» እንላለን። እሷ ለምን እንዳቆመች እሱ ፍርድ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሰማስ?

ሌላም ነገር። ስትመለስ ጠዋት ማንም ሳይነቃ ትነሣ። ማንም ሳያዝዛት ሰሃን ታጥባለች። የገዛ እናቷ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጫፉ ላይ ናት። እኔ ይህን ለመተው ረጅም ጊዜ ፈጅቶብኛል።


መልስ፦ የቀረጻ አስተባባሪ

አጭር ሐሳብ አለኝ፤ ከወጪ አንጻር ነው።

ፕሮዲውሰር ድርሰት ሲያነብ በጎን ብር እየደመረ ነው። በርካታ ቦታ፣ የማታ ውጭ ትዕይንት፣ ብዙ አጃቢ ተዋናይ ካለበት ታሪኩን ቢወደውም ይፈራል። የማታ ቀረጻ ማለት ጄኔሬተር፣ መብራት፣ እራትና የሠራተኛ ማድረሻ መኪና ማለት ነው። ቤይሩትን ለማሳየት ቤይሩት መሄድ አያስፈልግም፤ ከላይ እኅታችን እንደ ነገረችሽ አንድ ኩሽናና አንድ ስልክ ይበቃል። ኩሽናውን አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አፓርታማ እንሠራዋለን። ችሎቱንም እውነተኛ ፍርድ ቤት ውስጥ ለመቅረጽ ፈቃድ አትጠብቂ፤ ማንኛውም የስብሰባ ክፍል ሦስት ወንበርና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ገብቶበት ችሎት ይሆናል። ጋሼ እንዳሉት ጠባብ መሆኑ ራሱ ጥቅም ነው። ትዕይንቶችሽን ውስጥና ውጭ፣ ቀንና ማታ ብለሽ ለይተሽ ቁጠሪያቸውና ማታ ውጭ ያሉትን በተቻለሽ መጠን ወደ ውስጥ አስገቢ። ሐሙስ ይህን ዝርዝር ይዘሽ ብትሄጂ «ይህች ልጅ ሥራ ታውቃለች» ይባላል፤ ስለ ስምሽ ስትደራደሪም ሚዛን ይደፋልሽ ይሆናል።


ጠያቂ፦ የልደታዋ ጸሐፊ

ከቤይሩት የተመለሽው እኅቴ፣ ስለ ወንበሩ ጫፍ የጻፍሽውን ባቡር ውስጥ አንብቤ ልደታን አልፌ ኮካ ኮላ ነው የወረድኩት። ፈቃድሽ ከሆነ ድርሰቱ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ፊልሙ ከተሠራም እንድትጠሪ አደርጋለሁ።

እኅቴ ትናንት ማታ የሁላችሁንም መልስ አነበበች። ስታበቃ «የመጀመሪያው ግማሽ ክፍያ ብቻ ቢመጣ ለኪራዩ ይበቃናል፤ ስምሽን ግን አትስጪ» አለችኝ። ይህን ከእሷ አልጠበቅሁም ነበር። ድርሰቱንም ለምዝገባ አስገብቻለሁ።

ለፕሮዲውሰሩ የምልከው ደብዳቤ ይህ ነው። ጉድለት ካለበት ንገሩኝ።

«ለተከበሩ አቶ … 

ድርሰቴን አንብበው ስለ ወደዱት አመሰግናለሁ። ከእርስዎ ጋር ለመሥራት ፍላጎት አለኝ፤ የሚከተሉት ውል ውስጥ እንዲካተቱ ግን እጠይቃለሁ።

1ኛ፦ የቀሪው ክፍያ ቀረጻ በሚጀመርበት ዕለት እንዲፈጸም፤ ውሉ ከተፈረመ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀረጻ ካልተጀመረ መብቱ ወደ እኔ እንዲመለስ።

2ኛ፦ የፍርድ ቤቱ ትዕይንት በአገራችን ችሎት ሥርዓት መሠረት እንዲቀረጽ። በዚህ ትዕይንት ላይ አዲስ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ፤ አብሬ ልኬያለሁ። ስለ እኅትየዋ በሰጡት አስተያየት ላይም ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ፤ ሀብታም መሆኗን ግን አልቀበልም፤ ምክንያቱን በአካል አስረዳለሁ።

3ኛ፦ በፖስተሩም ሆነ በፊልሙ መግቢያ ላይ «ድርሰት» ተብሎ የእኔ ስም ለብቻው እንዲወጣ።

የውጪ ግምት ለማውጣት እንዲረዳዎ ትዕይንቶቹን በቦታና በሰዓት ለይቼ አያይዣለሁ።»


መልስ፦ ጠበቃው ከቄራ

ጥሩ ነው። «የሚተላለፈው የፊልሙ መብት ብቻ ነው» የሚለውን አራተኛ ነጥብ አድርገው ያክሉበት። ያ ካልተጻፈ የጽሕፈት ክፍሉ ድራማ ላይ ነገ ጥያቄ ሊያነሡብዎ ይችላሉ። ሲፈርሙም ምስክሮች ይኑሩ፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ይፈረም።


መልስ፦ የሬዲዮ ዘመን ሰው

ልጄ፣ 3ኛውን ወደ 1ኛ አውጪው። ከዚያ ላኪው።